ትንሿ ዲ

«አርባ መጽሐፍ! አርባ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ አጠፋህ እኮ!» የኮምፒውተር ክበቡ አለቃ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

የክበቡ ቀልደኛ ለወትሮው ሁሉን በሳቅ ያልፍ ነበር። ዛሬ ግን ፊቱ ቀልቶ፣ «የመሰረዣውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ… የት ጋ እንደተሳሳትኩ ግን አላገኘሁትም» አለ።

አዲሷ ልጅ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ኋላ ሆና ትሰማለች። ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመጣች ወር ሊሞላት ነው፤ ክበቡ ውስጥ እስካሁን በስሟ የጠራት የለም። ለቤተ መጻሕፍቱ ከሚሠሩት ፕሮግራም የደረሳትም ማንም ያልፈለገው ሥራ ነበር። ምን ሲጫኑ ምን እንደሚሆን ለተጠቃሚው የሚነግሩት የእንግሊዝኛ የእርዳታ መልእክቶች ግማሾቹ በትልቅ ፊደል፣ ግማሾቹ በትንሽ ይጀምሩ ነበር። «ሁሉንም በትልቅ አድርጊያቸው» ብሏት ነበር አለቃው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

መጀመሪያ አንድ በአንድ እየለቀመች አስተካከለቻቸው። በማግስቱ ሰለቻትና የሁሉንም የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ በሚያደርግ አንድ የኮምፒውተር ትእዛዝ የቀሩትን ተገላገለቻቸው። ስትጨርስ ቀልደኛው ብቻ፣ «እሰይ! ከእንግዲህ ዓይናችን አይንሸዋረርም» አላት። ያቺን ቃል እቤቷ ድረስ ይዛት ሄዳ ነበር።

አሁን የመልእክቶቹን ፋይል ከፍታ ስታይ ስህተቱን አገኘችው። በፕሮግራሙ ትንሿን ዲ (d) ሲጫኑ የተዋሰ መጽሐፍ ይመለሳል፤ ትልቋን ዲ (D) ሲጫኑ መጽሐፉ ከመዝገብ ይሰረዛል። የመመለሻው መልእክት የሚጀምረው በሚጫኗት ፊደል በራሷ፣ በትንሿ ዲ ነበር፤ ያ ትእዛዝ እሷንም ትልቅ አድርጓታል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጽሐፍ በተመለሰ ቁጥር የተጻፈውን አምነው ትልቋን ዲ ተጭነዋል።

«በቃ፣ ሁለተኛ ኮድ እንዳትነካ!» አለ አለቃው።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ብትናገር ደግሞ «አዲሷ» መባሏ ቀርቶ «ያጠፋችው» ልትባል ነው።

ተነሳች። «እሱ አይደለም።» ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «መልእክቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኑ እዩት።»

መጥተው አዩት። አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። ቀልደኛው ስክሪኑን እንጂ እሷን አላየም። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ፤ ቆዪ ያላት የለም፣ ሂጂ ያላትም የለም።

ፊደሏን መልሳ ትንሽ አደረገቻት። ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረደች። የተሰረዙት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል።

«ዛሬ አናውስም የኔ ልጅ፤ መዝገቡ ተበላሽቶብናል» አሏት ሠራተኛዋ።

«አውቃለሁ እትዬ። መልሼ ልመዘግባቸው ነው የመጣሁት።»

«ብቻሽን?»

«አዎ» አለችና ወንበር ስባ ከቁልሉ አናት ያለውን መጽሐፍ አነሳች።