ከገጹ ጋር የመጣች ጃንጥላ

መጀመሪያ ያገኘሁት በዝናብ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት መንገድ ሊሻገር ቆሞ፣ የሥዕል ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ፣ ራሱ ግን በስብሶ። ጃንጥላዬን ከፍ አድርጌ «ግባ፣ አልበላህም!» አልኩት። ሳቀ። በዚያ ሳቅ ነገሩ አለቀ።

ማታ ለእናቴ «የማገባውን ሰው አገኘሁ» ስላት «ስሙ ማነው?» አለች።

«ገና አልጠየቅኩትም።»

«ወይ ጉድ!»

ለካ አዲሱ ሠዓሊያችን ኖሯል። ዝምታውን አይተው ቢሮ ውስጥ ጭምቱ አሉት። እኔ የድረ ገጽ ኮድ እጽፋለሁ፤ እሱ ለገጾቹ ጥፍር የሚያካክሉ ሥዕሎች ይሥላል። ለአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ገጽ ጥርስ፣ የሙቀት መለኪያና አንዲት ቀይ ጃንጥላ ሣለ። ጃንጥላዋን ሲያሳየኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ጆሮው ግን ፍም መስሎ ነበር።

ገጹን ለሐኪሞቹ ስናሳይ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። ጽሑፉ መጣ፣ ሥዕሎቹ ቀሩ፤ በቦታቸው ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። ጭምቱ የሥዕል ደብተሩን ዘጋ። ፊቱ ሲጠቁር ሳየው አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፊደልና ቁጥር ቀይሬ እዚያው ኮዱ ውስጥ አስገባኋቸው። ፋይሎቹ ከእንግዲህ ስለማያስፈልጉ ከፎልደሩ አጠፋኋቸው። ላስደንቀው ብዬ አልነገርኩትም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አለቃችን ጠራችኝ። «ሠዓሊው ሊለቅ ነው። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ ዛሬ ደውለው መልሱን ይጠይቁታል።»

ቀጥ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ምን አደረግኩህ?»

«ምንም» አለ ዕቃውን እየሰበሰበ። «ፎልደሩን ከፍቼ አየሁት። ባዶ ነው። ሥዕሎቼን ካልወደድሻቸው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ጃንጥላዋን እንኳ አታጠፊያትም ብዬ ነበር።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እጁን ይዤ ኮምፒውተሬ ፊት አስቀመጥኩትና የኔትወርክ ገመዱን ነቀልኩት። ከዚያ ኮዱን ከፈትኩለት።

«ይሄ ምንድነው? ድመት የተራመደችበት ይመስላል» አለ።

«ጃንጥላህ ናት።»

ያንን ረጅም የፊደል ሰልፍ ገልብጬ የድረ ገጽ መክፈቻው አናት ላይ፣ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ለጠፍኩት። ቀይዋ ጃንጥላ ብቅ አለች። ጭምቱ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

«ፋይሉ ለብቻው ሲላክ መንገድ ላይ ይቀራል» አልኩት። «አሁን ግን እዚያው ገጹ ውስጥ ናት። ገጹ ከደረሰ እሷም ደርሳለች።»

«ሥዕል ሁሉ እንዲህ ይደረጋል?»

«ትልቅ ሥዕል ገጹን ያከብደዋል። ይሄ ለትንንሾቹ ነው። ያንተ ደግሞ እንዲቀሩ አልፈለግኩም። አንተም እንድትሄድ አልፈልግም። እወድሃለሁ።»

ስልኩ ጠራ። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል አነሳው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «አልመጣም። እዚህ የምትፈልገኝ ሰው አለች።»

የሠርግ ጥሪያችንንም በድረ ገጽ ሠራነው። እናቴ በዚያች አሮጌ ስልኳ ከፈተችው። ትልቁ ፎቶግራፋችን ገና እየተጎተተ ነው፤ ጃንጥላዋ ግን አናቱ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ጃንጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች። «እናንተስ የታላችሁ?»

«ከሥሯ ነን እማዬ» አልኳት። «እየመጣን ነው።»