ሰማንያ ቀን ያልሞላት ሕፃን

ኑ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ጥላው ውስጥ ግቡ፤ የጥቅምት ፀሐይ በኛ ቆላ ምሕረት የላትም። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በየማሳው ሂላው፣ የታሰረው የሰሊጥ ነዶ፣ ተከምሮ ቁሞ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ እርሻ ውሏል። የቀረነው እኔና እናንተ ነን። አንተ ካሌብ፣ ጠጠሩን ጣልና ስማ። የዛሬው የሚያስቅ አይደለም።

ሃይሚ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከመተማ ዮሐንስ በባጃጅ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። አባቷ ደምለው ሰሊጥ ያርሳል። እናቷ አሰበች በነሐሴ መጀመሪያ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር።

ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ ታውቁ የለ? ስሟም የሚወጣላት ያን ዕለት ነው። ሃይሚ ግን በራሷ «ሚጢ» ትላት ነበር። ታዝላታለች፣ ዝንብ ትከላከልላታለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

አክስቷ እትየ አየሁሽ ለክርስትናው ድግስ ቀይ ቀሚስ አሰፍታላት፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

«እትየ፣ ልለካው ብቻ?»

«እምቢ! አንቺ ለክተሽ መች ታወልቂዋለሽ? መንደሩን ስትዞሪበት ነው የምትውይ። ለሰማንያዋ ዕለት!»

ሃይሚ ታዲያ በየቀኑ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ አንድ መስመር ታሰምር ጀመር። ስድሳ ስምንት ደረሰ። አሥራ ሁለት ቀረ።

በስድሳ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ሕፃኗ ጡት አልይዝ አለች። ትኩሳቱ እንደ እሳት ነው። ትኩሳቱ ሲጀምራት በዋዜማው የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒት ሰጥታ «ካልተሻላት ሆስፒታል አድርሻት» ብላ ነበር። ጎረቤታቸው ደረበ ባጃጁን ሊያመጣ ሮጠ።

«ሃይሚ!» አለች እናቷ። «ቄስ ዘሩን ጥሪልኝ። ልጄ ታማብኛለች፣ ባጃጁ ሳይመጣ ያጥምቁልኝ በያቸው።»

«ቀኗ ሳይሞላ?»

«ለታመመ ሕፃን ቀን አይቆጠርም! ሩጭ!»

ሮጠች። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ግን አንድ ሐሳብ መጣባት። ዛሬ ከተጠመቀች ድግሱ ቀረ ማለት ነው። ድግሱ ከቀረ ቀሚሱም ቀረ። ሩጫው እርምጃ ሆነ። «ትድናለች» አለች በሆዷ። «እኔም ወባ ይዞኝ ድኛለሁ። አሥራ ሁለት ቀን ምን አላት?»

አያችሁ ልጆቼ፣ ሰይጣን ቀንድ አብቅሎ አይመጣም። እንዲህ የራሳችንን ድምፅ መስሎ ነው የሚመጣ።

ቄስ ዘሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለች ማሳቸው ላይ ሰሊጥ ሲያስሩ አገኘቻቸው። ቀና አሉ።

«እንዴት አደራችሁ ሃይምየ? ሕፃኗስ እንዴት አደረች?»

እኛ ሰዎች ቤታችን እየነደደም ቢሆን «ደኅና» እንላለን። አፏ ቀደማት።

«ደኅና ናት አባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ እንዲህ እያላበሽ ወዴት ነው?»

«እንጨት ልለቅም።»

«በሩጫ የሚለቀም እንጨት ዛሬ አየሁ!» ብለው ሳቁና ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ። ያኔ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ኑሮ! ማጭዳቸውን ጥለው ይሮጡ ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ተመለሰች።

«የሉም እማየ። አጣኋቸው።»

አሰበች መንገዱን አየት አድርጋ፣ ሕፃኗን አቅፋ ባጃጁ ላይ ወጣች።

ባጃጁ እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሰ። ሃይሚ ድምፁን ስትሰማ ደስ አላት፤ ተሽሏት ነው ብላ። ደረበ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወረደ። ሕፃኗ መተማ ዮሐንስ ሳትደርስ፣ መንገድ ላይ አርፋለች።

ቄስ ዘሩ ለቅሶውን ሰምተው ማጭዳቸውን እንደያዙ መጡ። «ምነው አሰበች፣ ምነው ሳትልኪብኝ?»

«ልኬብዎት ነበር አባ። አጣችዎ እንጂ።»

ቄሱ አፋቸውን ከፈቱ። ሃይሚን አዩዋት። ማጭዳቸውን መሬት አስቀምጠው ከአሰበች አጠገብ ተቀመጡ።

ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት አይደረግለትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥም አይቀበርም። ደምለው ከአጥሩ ውጭ፣ ቁጥቋጦው ሥር በገዛ እጁ ቆፈረ። አሰበች ሙሾ ልታወርድ ጀምራ ቆመች። «ማን ብየ ላልቅስላት? ስም እንኳ የላት!» አለች። ሃይሚ ይሄን ሰማች።

በማግሥቱ ማሳው ድረስ ሂዳ ከቄሱ እግር ሥር ወደቀች።

«አባ፣ ዋሽቻለሁ። ለቀሚስ ብየ ነው። አሁን እኅቴ መንግሥተ ሰማያት አትገባም?»

ቄስ ዘሩ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ጌታ ከውኃና ከመንፈስ ተወለዱ ብሎ አዞናል። ታዘን ያልፈጸምነው እኛ ነን እንጂ እሷ አይደለችም። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ማን ውኃ ቀዳለት? የጌታን ምሕረት እኔ አልለካውም። ገባች ብየ አልዋሽሽም፤ ቀረች ብየም አልፈርድባትም። የማውቀው፣ ልንሰጣት እየቻልን መንፈጋችንን ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«ለእናትሽ ንገሪ። ከዚያ ለንስሐ ነይ።»

ነገረቻት። አሰበች አልመታቻትም፣ አልጮኸችም። «ቀሚስ ነው?» አለች ብቻ። ደግማም «ቀሚስ ነው?» አለች። እስከ ገና ድረስም ልጄ ብላ አልጠራቻትም።

ኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አሰበች ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በአርባ ቀኑ ተጠመቀ። ደምለው አሁንም ሰሊጥ ያርሳል። ቄስ ዘሩ አርጅተዋል፣ ማሳቸውን ለልጃቸው ሰጥተዋል። እትየ አየሁሽ ወደ ጎንደር ሂዳለች። ሃይሚ ንስሐዋን ጨርሳ ዛሬ በጤና ጣቢያ አራስ ትጠብቃለች። እናቷ ይቅር ብላታለች። ሃይሚ ግን ያንን ቁጥቋጦ ባለፈች ቁጥር ትቆማለች፤ እኅቷን የምትጠራበት የክርስትና ስም የለም።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ዛሬ አድርጉት ያለውን፣ ይልቁንም ጥምቀትን፣ ለራሳችሁ ደስታ ብላችሁ ለነገ አታሳድሩት።