ስሙ ያልተጻፈው ወንዝ

ማክሰኞ ግንቦት 14 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዋና ከተማችን ከፖርት ሞርስቢ ስመለስ፣ አባቴን መምህር ኦምባሪን ኢሩዋ ወንዝ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ አገኘሁት። ቤት ጠረጴዛው ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ነበር፦ «ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ስላለው ወንዝ ያቀረብኩትን ክስ ትቻለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ክሱ በአካባቢ ጥበቃ ሕጉ የቀረበ ነው። በአካባቢያችን መዳብ የሚያወጣው ኩባንያ ዝቃጩን ወደ ወንዙ እንዳይለቅ ፍርድ ቤት ለጊዜው አግዶታል፤ ቀጠሮው ዓርብ ነው። ብቸኛው ከሳሽ አባቴ ነበር። ክሱ ከተተወ እግዱ ይነሳል።

መንደሩ «ራሱን ገደለ» አለ። ፖሊሷ ሳጅን ጌዋሪ ግን የአባቴን ማጅራት ዳሰሰች።

«ራሱን የሚገድል ሰው ከኋላው አይመታም፣ እህቴ።»

ጎረቤቶች እንዳዩት፣ ሰኞ ቤታችን የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አጎቴ ሴሴጋ ከኩባንያው ሥራ ይፈልግ ነበር። «ተጣልተናል፣ አልዋሽሽም» አላት። «ግን እኔ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም፣ ልጄ።»

የኩባንያው ዘበኛ ጃቮኮ ሳቀ። «እኔ? ዓሣ እንኳ አልገድል! የዚህ ወንዝ ዓሣ እንደሆነ ሞቶ ነው የሚመጣው።»

ዱንስታን የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ የመንደራችን ልጅ ናት። «መምህሩን እንደ አባቴ ነበር የማያቸው» አለ።

ሐሙስ ሳጅኗ ሁላችንንም ቤተክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰበችን።

«በመንደሩ ማተሚያ ያለው ኩባንያው ቢሮ ብቻ ነው። አባባ ሴሴጋ መጻፍ አይችሉም። ሁለት ሰው ቀረ።» የአባቴን የክስ ማመልከቻ ለጃቮኮ ሰጠችው። «የመጀመሪያውን መስመር አንብብ።»

«‹የኢሩዋ ወንዝ የምንጠጣው ውሃ ነው።›»

ወረቀቱን ለዱንስታን አቀበለችው። አየውና መልሶ ዘረጋላት።

«አንብብ እንጂ!» አለው ጃቮኮ። «ዲግሪ አለኝ ስትለን አልነበር?»

ዱንስታን የሚስቱን እናት ሰረቅ አድርጎ አየ። ስማቸው ኢሩዋ ነው። በእኛ ዘንድ የአማትን ስም፣ የወንዝም ስም ቢሆን፣ አፍ አያወጣውም፤ እጅም አይጽፈውም።

«ስሙን አለመጥራትህ ነውር አይደለም» አለች ሳጅኗ። «መምህሩ ግን በየገጹ ጽፈውታል፤ የሚከለክላቸው ነገር አልነበረም። ደብዳቤው ላይ ‹ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ስላለው ወንዝ› ብለህ ከስሙ የሸሸኸው አንተ ነህ።»

«ወንዙ ዳር ደብዳቤውን ፈርም አልኩት» አለ ዱንስታን መሬት መሬቱን እያየ። «እምቢ ብሎ ጀርባውን ሲሰጠኝ... ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

አማቱ ተነስተው ሄዱ።

ዓርብ ፍርድ ቤቱ በአባቴ ፋንታ እኔን ከሳሽ አድርጎ መዘገበኝ፤ እግዱም ጸና። ኩባንያው ከእግዱ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ዝቃጭ ለቅቆ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ የምንጠጣው የዝናብ ውሃ ነው።