ስሞች የተቀያየሩበት ሰኞ

«እማዋይሽ ማን ናት?» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ መልካሙ።

በኮምፒውተር ክፍሉ የነበረ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ያምሮት ከኋላ ሆና አንገቷን ሰገግ አደረገች። ርዕሰ መምህሩ ፊት ያለው ስክሪን በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እማዋይሽ!» ይላል።

«የዘጠነኛ ቢ ተማሪ ናት» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ አቶ ይታገሱ፣ ድምፃቸው እየሰለለ።

«እኔ ያስገባሁት የራሴን የይለፍ ቃል ነው። የራሴን!»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በምን ምክንያት ሴት ልጅ ሆንኩ?»

ያምሮት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። አቶ መልካሙ ለምን እማዋይሽ እንደሆኑ በዚያ ክፍል ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ገባት።

የፍኖተ ሰላሙ ትምህርት ቤታቸው አንድ ያረጀ ሰርቨር ነበረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመምህራን ክፍል ጥግ ተቀምጦ፣ ሲበራ እንደ በርበሬ ወፍጮ እየጮኸ፣ የሺህ ሁለት መቶ ተማሪና የሠራተኛውን ሁሉ ስም፣ የይለፍ ቃልና ውጤት ይዞ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሰርቨር ከባሕር ዳር በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። «ዕቃውን መቀየር ቀላል ነው፤ ከባዱ ውስጡ ያሉትን ሰዎች ማዛወር ነው» ብለው ነበር መምህር ይታገሱ።

አርብ ዕለት ዝርዝሩን በሙሉ ከአሮጌው አውጥተው በአንድ ሰንጠረዥ አደረጉና ለያምሮት ሰጧት። ያምሮት የአሥረኛ ክፍል ተማሪና የኮምፒውተር ክበቡ ሰብሳቢ ናት። የተሰጣት ሥራ የስሞቹን ፊደል ማረም ብቻ ነበር። አረመች። ከዚያ ስሞቹ ዝብርቅርቅ ብለው ሲታዩዋት፣ ማንም ሳያዛት፣ በሀሁ ተራ ደረደረቻቸው። አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ በቂ ነበር። ስሞቹ አምረው ተሰለፉ። ስሞቹ ብቻ! የይለፍ ቃሉና ውጤቱ ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። ሰው ሁሉ ተነስቶ የሌላ ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የገባት አሁን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ርዕሰ መምህሩ እማዋይሽ ሲሆኑ ነው።

ልትናገር አፏን ከፈተች። የአቶ መልካሙን ፊት አየች። አፏን ዘጋች።

እረፍት ሲደወል ወሬው ግቢውን አዳርሶ ነበር። የሥራ ሰዓታቸውን በኮምፒውተር የሚፈርሙት ዘበኛው ጋሽ ቸኮለ ከዘጠነኛ ክፍል ሦስተኛ ወጥተዋል።

«ሳልማር ሦስተኛ ከወጣሁ፣ ብማር ኖሮ የት እደርስ ነበር!» አሉ በሩ ላይ ቆመው። ቀጥለውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበላል ሲባል እሰማ ነበር። ጎረቤት ተቀብሎ ይዞት ሲጠፋ ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

አቶ መልካሙ መምህር ይታገሱን ወጥረው ያዟቸው። «የት ነው የተበላሸው?»

መምህሩ ጭንቅላታቸውን አከኩ። «አሮጌው ሰርቨር ይመስለኛል፣ ጋሼ። አርጅቷል። ሲሰጠን አበላሽቶ ሰጥቶን ይሆናል።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ውስጡ ይደምሰስና ከግቢዬ ይውጣ!»

ችግሩ፣ የተማሪዎቹ ውጤት በማግስቱ ጠዋት ለዞን መላክ ነበረበት። የመምህራኑን ወረቀት እየለቀሙ እንደገና መሙላት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። አቶ መልካሙ በአካባቢያቸው ሽምግልና የሚቀመጡ ሰው ናቸውና በሚያውቁት መንገድ ፈረዱ፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ምስክር ይዞ ይምጣና ስሙንና ውጤቱን ይናገር።

«ሰው በገዛ ራሱ ላይ አይዋሽም» አሉ።

ሜዳው ዳር ጠረጴዛና ላፕቶፕ ወጣ። ያምሮት እጇ ፈጣን ስለሆነ ጸሐፊ ተደረገች። ሰልፉ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደረሰ።

«ሒሳብ ስንት?»

«ዘጠና አምስት።»

«ምስክር?»

«እሱ።»

«አንተስ ስንት አመጣህ?»

«ዘጠና አምስት።»

«የአንተ ምስክርስ?»

«እሱ።»

እኩለ ቀን ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከዘጠና በታች ያመጣ ሰው ጠፋ። የያምሮት ጓደኛ ቤቴል ተራዋ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብላ አንሾካሾከች።

«ሒሳብ ዘጠና ሁለት በይልኝ።»

«ሃምሳ አንድ አልነበር እንዴ?»

«እሷ አሮጌዋ እኔ ነበረች። አሁን ተዛውሬያለሁ። ደግሞ የራስሽንም ፏ አድርጊያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ያምሮት ሒሳብ ያመጣችው አርባ ሦስት ነው። ቤት ውስጥ «ደህና ነው» ብላ አልፋዋለች። ቤቴል ስትሄድ ስሟ ያለበትን መስመር ፈልጋ 95 ጻፈች። በዛባት። አጥፍታ 78 አደረገችው። ሰባ ስምንት ማንም የማይጠራጠረው፣ ጨዋ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ መሐሪ መጣ። ከቡሬ ገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቤተሰቦቹ ጋ አውንግኛ የሚናገር፣ ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ብዙ የማይሰማ ልጅ ነው።

«ሒሳብ ዘጠና ስድስት» አለ።

ከኋላው ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈነዳ። አቶ መልካሙ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ጭራሽ አንተ ከሁሉም በለጥክ! ምስክርህስ?»

«ምስክር የለኝም። ፈተናውን የሠራሁት ብቻዬን ነው።»

«ምስክር ከሌለህማ ሰማንያ ይበቃሃል። ጻፊለት፣ ያምሮት።»

መሐሪ አልተከራከረም። ከንፈሩን ትንሽ ነከስ አድርጎ «እሺ፣ ጋሼ» አለና ሄደ። ያምሮት ስምንትን ነካች። ዜሮ ላይ ስትደርስ ጣቷ እንቢ አላት። ቢከራከር፣ ቢሳደብ፣ ሌላው ቢቀር ቢያለቅስ ይሻላት ነበር።

«መጣሁ» ብላ ከወንበሯ ተነስታ ሮጠች።

በሩ ጋ መምህር ይታገሱና ጋሽ ቸኮለ አሮጌውን ሰርቨር የፈረስ ጋሪ ላይ ጭነውታል። መምህሩ መፍቻ ይዘው ዲስኩን ሊያወጡ ጎንበስ ብለዋል።

«መምህር፣ አይንኩት!»

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«እሱ አይደለም ያበላሸው። እኔ ነኝ።» ትንፋሽ ሳትወስድ ሁሉንም ተናገረች፤ ሀሁውን፣ ስሞቹን፣ ዝም ማለቷን፣ ሰባ ስምንቷን ሳይቀር።

መምህር ይታገሱ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ፈረሱ አንድ እርምጃ ሄደና ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ።

«ስሙን ብቻ ነው የመረጥሽው?»

«ስሙን ብቻ።»

«ሁሉም ዓምድ አብሮ ካልተመረጠ እንደሚፋለስ ሦስት ጊዜ አስተምሬያችኋለሁ።»

«አራት ጊዜ» አለች ያምሮት።

መምህሩ ሊቆጡ ጀምረው መሃል ላይ ሳቅ አሸነፋቸው። «ርዕሰ መምህሩን ሴት አደረግሻቸው እኮ!»

ጋሽ ቸኮለ ግን አልሳቁም። «ሦስተኛነቴም ቀረ በሉኛ» አሉ፣ የሰርቨሩን አንድ ጎን እያነሱ።

ወደ ክፍሉ መልሰው ሰኩት። አሮጌው ሰርቨር እንደ ልማዱ አጓራና ዝርዝሩን አንድም ሳያጎድል ሰጠ። ያምሮት በዚህ ጊዜ ዓምዶቹን ሁሉ መረጠች፣ ሁለት ጊዜ አየች፣ ከዚያ ወደ አዲሱ አዛወረች። መሐሪ፣ ዘጠና ስድስት። ያምሮት፣ አርባ ሦስት። መምህሩ ገመድ ሊያመጡ ወጥተው ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ቁጥሩን ትንሽ አየችውና ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ መልካሙ የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ። «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ መልካሙ!» አላቸው ስክሪኑ። ርዕሰ መምህሩ ለማንኛውም ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ መምህር ይታገሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጥፋቱ የአሮጌው ነው ብያቸዋለሁ፤ እንደዚያው ይቅር» አሏት። «ማሽን አይከፋውም።»

ባንዲራ ሲወርድ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰለፈ። አቶ መልካሙ ማይክ ያዙ። «ዛሬ የደረሰው ሁሉ የአንድ ያረጀ ማሽን ጥፋት ነው! ደግሞ ጠዋት ዘጠና አምስት ነን ያላችሁኝን ስማችሁን አንድ በአንድ ይዣለሁ!» ቤቴል ከፊቷ ካለው ረጅም ልጅ ጀርባ ሟሟች። መሐሪ ከፊት ረድፍ ላይ አቀርቅሮ በጫማው መሬቱን ይጭራል።

«የሚናገር አለ?» አሉ አቶ መልካሙ፣ እንዲያው ለወጉ።

ያምሮት ቦርሳዋን ለቤቴል ዘረጋችላት። «ያዥልኝ።»

«የት ልትሄጂ ነው? አልቋል እኮ፣ አታካብጂ!»

ያምሮት ከሰልፉ ወጣች። ሜዳው ከጠዋቱ ይልቅ የሰፋ መሰላት። በመሐሪ አጠገብ አልፋ ፊት ስትደርስ አቶ መልካሙ ግራ ተጋብተው አይዋት፤ ከዚያ ማይኩን ወደ እሷ ቁመት ዝቅ አደረጉላት።