ከማጣሪያው በላይ ያለው አየር

«መሃለኛው» አለ የሚጣ አባት፣ የትኛው እንደሚሸት እንዲለይ ከቀረቡለት ሦስት የብርጭቆ ቱቦዎች ወደ አንዱ እየጠቆመ።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ በሳቅ ተሞላ። ሽታው ያለው በግራው ቱቦ ነበር። ከኋላ ቆመው የሚያዩት የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች እንኳ ደርሷቸው ፊታቸውን አጨማድደዋል። አባቷም አብሮ ሳቀ። «አይ እኔ! ጉንፋን ይዞኝ እኮ ነው» አለና ኮፍያውን እያስተካከለ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሚጣ አልሳቀችም። ከመጠቆሙ በፊት ፊቱን አይታው ነበር። ባልገባው ጥያቄ ላይ ዝም ብሎ አንዱን መልስ የሚያከብ ተፈታኝ ነበር የሚመስለው። ደግሞ ጉንፋን አልያዘውም።

«ፋዘርሽ ሙድ እየያዘብን ነው ወይስ የምር አልሸተተውም?» አለቻት የወንበር ጓደኛዋ በሹክሹክታ።

«ጉንፋን ነው አለ እኮ። አልሰማሽም?»

አባቷ የሚሠራበት ፋብሪካ ከትምህርት ቤታቸው አጥር ማዶ ነው። ከቄራ የሚመጣ አጥንትና ስብ እየቀቀለ ለሳሙና የሚሆን ሞራና ለዶሮ መኖ የሚሆን ዱቄት ያወጣል። ነፋሱ ወደነሱ በዞረ ቀን የክፍል መስኮት አይከፈትም። ሚጣን አባቷ ነው ሚጣ የሚላት፤ ክፍል ውስጥ ስሟ «ሞራ» ነው።

አምና ፋብሪካው የሽታ ማጣሪያ አሠራ። ማጣሪያው የአንድ ቤት ስፋት ያለው፣ በእርጥብ የእንጨት ስብርባሪ የተሞላ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። የገማው አየር ከሥር ይገባል፤ እንጨቱ ላይ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ሽታውን ይበሉታል፤ ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቢያንስ እንደዚያ ነው የተባለው። ጠባቂው አባቷ ነበር። እንጨቱን በጎማ ውሃ ያጠጣዋል፣ በመንሽ ይገለብጠዋል። ውስጥ ለውስጥ ከደረቀ ይሰነጠቅና አየሩ ሳይጣራ በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል። ስንጥቁ ላይ ላዩን አይታይም። የሚያገኘው አፍንጫ ብቻ ነው።

ሆኖም የሰፈሩ ሰው አቤቱታ አላቆመም፤ ፋብሪካው ደግሞ «ማጣሪያችን ይሠራል» ማለቱን አላቆመም። በመጨረሻ አንዲት መሐንዲስ ከሌላ ከተማ ተጠራች፣ ለክታ እንድትፈርድ።

«ወደ ማጣሪያው ከመግባቱ በፊት አየሩን በከረጢት ወስደናል» አለች መሐንዲሷ ለተማሪዎቹ። «ከወጣ በኋላም ወስደናል። አሁን ሁለቱንም በንጹሕ አየር እናቀጥናቸዋለን፣ ከአሽታቾቻችን ግማሾቹ ‹ምንም የለም› እስኪሉ ድረስ። የገባው አየር ብዙ ማቅጠን ከጠየቀና ለወጣው ጥቂት ከበቃው ማጣሪያው ሠርቷል ማለት ነው።»

«አሽታቾቹን ለምን ከሩቅ አመጣችሁ? እኛ አለን አይደል?» አለ አንዱ ተማሪ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አፍንጫም ለሰፈሩ ባዳ ነው። ከሽታ ጋር የዋለ አፍንጫ ይለምድና ይሰንፋል።»

አሽታቾቹ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሽቶ አልተቀቡም፣ ሲጋራ አላጨሱም፤ በቱቦው እየሳቡ ሲሸታቸው ቁልፍ ይጫናሉ። አዳራሹ እንደ ፈተና ክፍል ጸጥ አለ። አባቷ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ በኩራት ይጠብቅ ነበር፤ የልጁን ውጤት ሊሰማ የመጣ ወላጅ ይመስል።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሷ ተነሣች። «ይህ ዓይነት ማጣሪያ ደኅና ከተያዘ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ሽታ ይበላል» አለች። «ይኸኛው ግን ግማሹን እንኳ አልበላም።»

ሥራ አስኪያጁ ዞሮ አባቷን አየው። አባቷ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ስሕተት አለበት፣ እመቤት። በየቀኑ እናሸተዋለን። ጥርት ያለ ነው።»

«ማን ነው የሚያሸተው?» አለች መሐንዲሷ፣ በትሕትና።

አባቷ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ ደፋ። ከኋላ እንደገና ሳቅ ተሰማ። «ነገ ቢሮ እንነጋገራለን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሚጣ ወደ ቤት ስትሄድ ስለ ማጣሪያው እያሰበች ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የቤቱን ቁልፍ ለመውሰድ ወደ ፋብሪካው ጎራ ትላለች። አባቷ በመሰላሉ ወደ ማጣሪያው አናት ያወጣትና «እስኪ ዛሬስ እንዴት ነው?» ይላታል። ሥራውን እንድታደንቅለት የሚጠይቃት ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ በክረምት፣ «ኧረ በዚህ በኩል ይገማል» አለችው። ያን ቀን እስኪመሽ በመንሽ ሲገለብጥ ቆየ፤ በማግሥቱ ወገቡ አልቃና ብሎት ግድግዳ ይዞ ነው ከአልጋው የወረደው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም። ከዚያ በኋላ መልሷ አንድ ሆነ። «ምንም የለም። አበባ አበባ ነው የሚሸተው!» እሱም ይስቃል፣ ቀለል ብሎት ወደ ቤት ይገባል።

አመሻሹ ላይ አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቦቲውን በብሩሽ ይፈትግ ነበር።

«ነገ ድጋሚ ይለካ ነው የምላቸው» አለ። «ከረጢቱ ተቀዶ ይሆናል፤ ማሽኑ ይሆናል፤ እኔ እንጃ። ብቻ አንድ ነገር አለ።»

«አባዬ፣ ያ ቱቦ... አልሸተተህም አይደል?»

ብሩሹ ቆመ።

«ጉንፋን የለብህም» አለች።

አባቷ ብሩሹን መሬት ላይ አኖረ። «በክረምት ያመመኝ ጊዜ፣ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ማሽተቱም አብሮ ለቀቀኝ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ምግብ ሁሉ ገለባ ገለባ ነው የሚለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማጣሪያ በአፍንጫ ነው የሚጠበቀው፣ ሚጣዬ። አፍንጫ የሌለውን ማን ያቆየዋል?» ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ደግሞ አንቺ አለሽኝ። ያንቺ አፍንጫ ለሁለት ይበቃል። እነሱ አንድ ቀን ለኩ፤ አንቺ በየቀኑ አሽተሽልኛል። በዚህ እኮ ነው የምተማመነው።»

ያ ሁሉ «ዛሬስ እንዴት ነው?» የምር ጥያቄ ነበር። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ነገ እሱ ደረቱን ነፍቶ ሥራ አስኪያጁ ፊት ይቆማል፤ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ይላል፤ ይስቁበታል።

«ይሸት ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ማጣሪያው። ይሸት ነበር፣ አባዬ። ወገብህን እንዳያምህ ብዬ ነው የለም ያልኩህ።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አባቷ ብሩሹን አነሣና ንጹሑን ቦቲ እንደገና መፈተግ ጀመረ።

«ሁልጊዜ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ያቺ የአጥር ጎረቤታችን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሽታው ልጄን እያስመለሰው ነው ብላኝ ነበር። አስመሳይ አልኳት። ሰው ፊት ነው ያልኳት።»

ሚጣ አጠገቡ ቁጭ አለች።

በማግሥቱ አባቷ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ጎረቤታቸው ነበር። ሚጣ በመስኮት አየችው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሩ እስኪከፈትለት ሲጠብቅ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ። ድጋሚ ይለካ አላለም። አፍንጫው ከሄደ መቆየቱን በራሱ አንደበት ተናገረ። የልጁን ነገር ግን ለማንም አላነሣም፤ ሚጣ ይህን የሰማችው ከሰው ነው።

ማጣሪያው ለአንድ ወጣት ተሰጠ። አሮጌው እንጨት ተዝቆ ወጣ፣ አዲስ ገባ። አባቷ ወደ ጆንያ መጋዘኑ ተዛወረ፤ የመኖ ዱቄት ይጭናል። መሐንዲሷ ተመልሳ መጥታ ስትለካ ውጤቱ መልካም ሆነ። የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ተከፈቱ። «ሞራ» የሚለው ስም ቀስ በቀስ ተረሳ፤ ሚጣ ግን ደስ አላላትም። አባቷ አልተቆጣትም፣ አልገላመጣትም። እንደ ወትሮው እራት አብረው ይበላሉ። ብቻ ምንም ነገር አይጠይቃትም። ወተቱ ሊያርር ሲል እንኳ እሷን ከመጥራት ራሱ ተነሥቶ፣ እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ያያል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጓዳ «ሚጣ» ሲል ሰማችው።

ስትገባ የእናቷ ሳጥን ተከፍቷል። አባቷ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የእናቷን ሰማያዊ ሻርፕ በሁለት እጁ ይዟል።

«ከሞተች ወዲህ» አለ ሻርፑን እያየ፣ «አንዳንዴ አንቺ ሳትኖሪ አወጣውና አሸተው ነበር። ጠረኗ ነበረበት። ከክረምት ወዲህ ግን... አንቺን ልጠይቅ እላለሁ፤ መልሼ እተወዋለሁ።»

ሻርፑን ሰጣት። «እስኪ እይልኝ። አለች?»

ሚጣ ተንበረከከች። ሻርፑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የሳጥኑ እንጨት። የልብስ ሳሙና። ከእጥፋቱ ሥር ደግሞ፣ በሰፈሩ ጨርቅ ሁሉ ውስጥ እንደሚገባው፣ የፋብሪካው ሞራ። ዓይኗን ጨፍና አንገት የሚነካውን ጠርዝ ፈለገች፤ እዚያም እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል አሸተተች። አባቷ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። «አለች» ማለት አንድ ቃል ነበር። ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ከአሁኑ ታያት።

ዓይኗን ገለጠች።

«የለችም፣ አባዬ።»

አባቷ ብዙ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋና የሻርፑን አንድ ጫፍ ያዘ፤ እሷ ሌላውን ያዘች። በመሃላቸው ወጥረው፣ ሽብሽቡን በመዳፋቸው እያቃኑ፣ አብረው ያጥፉት ጀመር።