ሳይነኩት የሚከፈት በር

የኮምፒውተር ጌም ሠሪው እሑድ ጠዋት ከቢሮው ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ታላቅ እህቱ ናት። ማታ ደውሎላት ስልኩን አላነሣችም ነበር፤ ያ ነገር እየለበለባት ከግድግዳው ተጣብቃ ቆማለች።

«አዳልጦት ነው» አለ ፖሊሱ።

መርማሪዋ ግን ነገር ሳታላምጥ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ላይ ወጥታ ክፍሉን አይታ ተመለሰች።

«መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያለ መነጽር ያይ ነበር?»

«የራሱን መዳፍ እንኳ አያይም» አለች እህቱ።

«እንዲህ ያለ ሰው መነጽሩን ትቶ ወደ ደረጃ የሚሮጠው፣ ጥሎት የሚሄድ ሰው ሊያስቀር ነው።»

ኮምፒውተሩ ላይ ጌሙ እንደተከፈተ ነበር። በተተወ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ብቻውን የቀረ ተጓዥ፣ እንቆቅልሽ እየፈታ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል።

የጌሙን ሙዚቃ የሠራችው ሴት ተጠርታ መጣች። «የታሪኩ ምሥጢር በተደበቀ ክፍል ውስጥ ነው። ኮከቦቹን በየቀለማቸው ሲደረድሯቸው ይከፈታል» አለች። ደረደረቻቸው፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። «ትናንት ከሰዓት አብረን ስንሞክረው ተከፍቷል! ከሄድኩ በኋላ ቀይሮታል ማለት ነው።»

«ሌላ ቅጂ አለ?»

«የለም። ከዚህ ኮምፒውተር አውጥቶት አያውቅም።»

ቀጥሎ፣ ሥራውን አብሮት ጀምሮ ኋላ ተጣልቶት የወጣው ሸሪኩ መጣ።

«ከተለያየን ወዲህ እዚህ ቤት ድርሽ አላልኩም» አለ።

«ጌሙ ሰው ይወደው ነበር ትላለህ?»

«ማን ይወደዋል? በር እንዲከፈት መስኮት ሥር እጅን አጣምሮ መቀመጥ ጨዋታ ነው እንዴ?»

መርማሪዋ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች። ብቻዋን ገብታ ተጓዡን ከጣቢያው መስኮት ሥር አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች። ከመስኮቱ ውጭ ጨለማ ብቻ ነው። እሷም ማንም ወደማይጠብቃት ቤት የምትገባ ሴት ናትና ዝምታው አልከበዳትም። ቆይቶ ቆይቶ፣ ከተጓዡ ጀርባ በር ተከፈተ።

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ትናንት ከሰዓት በሩ የሚከፈተው በኮከቦቹ ነበር። ሟቹ የቀየረው ሙዚቀኛዋ ከሄደች በኋላ ነው፤ ቅጂም የለም። እንግዲህ አዲሱን መክፈቻ የሚያውቀው ማታ እዚህ ሆኖ ያየ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «አንተ ደግሞ ሳልጠይቅህ መስኮቱን ነገርከኝ።»

ሸሪኩ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ።

«‹ና እየው› ብሎ ጠራኝ። የተደበቀው ክፍል ምሥጢር እኔ ነኝ! ጓደኛውን ጣቢያው ውስጥ ትቶ፣ በሩን ዘግቶበት የሸሸው ሰው! ተናድጄ ስወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። ‹ቆይ፣ አላለቀም› ይለኛል። ልቀቀኝ ብዬ ገፋሁት…»

«እውነቱን ነው፤ አላለቀም ነበር» አለች መርማሪዋ።

ስክሪኑን አዞረችለት። የሸሸው ሰው በዚያው በር ተመልሶ ሲገባ ታየ። አንድም ቃል ሳይናገር፣ ከመስኮቱ ሥር ከጓደኛው ጎን ተቀመጠ።

እህቱ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ መርማሪዋ በእጇ አስቆመችው፤ ለሸሪኩም ወንበር ሳበችለት።

«በል» አለችው፣ «እስኪያልቅ እይ።»