የቢጫው ቀሚስ ጫፍ

ልጅቷ ሆስፒታል ስትደርስ ሞታለች።

አራት ዓመቷ ነው። ስሟ ሩሃማ። ይዛት የመጣችው ሴት ጫማ እንኳ አላደረገችም፤ ነጠላዋን ለልጅቷ አልብሳ እሷ በታኅሣሥ ብርድ ትንቀጠቀጣለች። ቀለሟ ትባላለች። የእንጀራ እናቷ ናት፤ የሦስት ወር እርጉዝ።

"ከደረጃ ወደቀች" አለች።

ዋና ሳጅን ሀዋኒ ከሮቤ ፖሊስ ስትደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዶክተር ሚኪያስ ወደ ጎን ወሰዳት።

"የራስ ቅሏ ተሰንጥቋል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ግራ ክንዷ ላይ የቆየ ስብራት አለ። ሳምንታት ሆኖታል። እኛ ጋ ግን ካርድ የላትም።"

ሀዋኒ ቤታቸው ሄደች። ደረጃ የተባለው ሁለት እርከን ነው። ከዚያ ወድቆ የሚሞት ዶሮም የለ! ገመድ ላይ ቢጫ የልጅ ቀሚስ ተሰጥቷል፤ የታችኛው ጫፉ ዙሪያውን ተቀዶ ወልቋል። የሚሰፋላት አጥታ ነው ብላ አሰበች ሀዋኒ።

ጎረቤት አጥር ላይ ተሰብስቧል። "የእንጀራ እናት ናታ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?" ይላል።

እውነቱን እንናገር፤ ሀዋኒም አምናለች። አሥራ አንድ ዓመት ስትመረምር የኖረች ሴት እንደ ጎረቤቱ አሰበች። ቀለሟን በቁጥጥር ስር አዋለቻት።

"ምን አደረግሻት?"

"ወደቀች።"

"ከሁለት እርከን?"

"ወደቀች አልኩ እኮ።"

"ክንዷንስ ማን ሰበረው?"

ቀለሟ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀና አለችና "እኔ ነኝ የገደልኳት" አለች።

"በምን መታሻት?"

"ገደልኳት አልኩ እኮ።"

ሌላ መርማሪ ቢሆን መዝገቡን ዘግቶ ሻዩን ያዝዝ ነበር። ሀዋኒን ግን ከነከናት። ገደልኩ ያለች ሴት በምን እንደገደለች እንዴት ይጠፋታል?

አባትየው ሀብታሙ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮምባይነር ነጂ ነው፤ ፀጉሩ ላይ የስንዴ ገለባ አለ። አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ይህን ሀዋኒ ኋላም አልካደችም።

"ጠዋት የት ነበርክ?"

"ሥራ ላይ። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የኦቦ ሙለታን ስንዴ ሳጭድ ነበር።"

"ከጠዋቱ አንድ ሰዓት?"

"አዎ። ልጄ ስትሞት እኔ ማሽን ላይ…" ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ጻፈች። አስፈረመች። ሸኘችው።

በማግሥቱ ማለዳ ሀዋኒ ፊቷን ልትታጠብ ግቢ ወጣች። ሣሩ በጤዛ ርሶ ጫማዋን አረጠበው። ጆጉን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

"ወይ ድፍረት!" አለች ለራሷ።

አባቷ ስንዴ ገበሬ ናቸው። በታኅሣሥ ጤዛው ሳይደርቅ ኮምባይነር ማሳ ውስጥ አይገባም፤ እርጥብ እህል ማሽኑን ይዘጋዋል። አራት ሰዓት ሳይሞላ የሚያጭድ ሰው በባሌ ምድር የለም። ሀብታሙ ለከተማ ፖሊስ ያወራ መስሎታል። የገበሬ ልጅ መሆኗን በየት ያውቃል!

ኦቦ ሙለታን ማሳቸው ዳር አገኘቻቸው።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሙለታ። ትናንት ሀብታሙ ስንት ሰዓት መጣ?"

"አራት ሰዓት አልፎ ነዋ። ስደውል ስልክ አያነሳም። ሲመጣም ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ምነው ስለው 'ቤት የምጠብቀው ነገር ነበረኝ' አለኝ።"

ሀዋኒ ተመልሳ ቀለሟ ፊት ተቀመጠች። በዚህኛው ጊዜ ብዕር አልያዘችም።

"እስከ ሦስት ሰዓት ቤት ነበር። አይደል፣ ቀለሟ?"

ሴትዮዋ በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች። ከዚያ ለቅሶዋ መጣ፤ ከለቅሶዋ ጋር ነገሩ ሁሉ መጣ።

"ፍራሹን አረጠበች። ሁልጊዜም በዚያ ነው የሚመታት። ትናንት ግን አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ስለው በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። 'ከወጣሽ አንቺንም እደግምሻለሁ' አለኝ። እስኪሄድ ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ሳጅን! እያቃሰተች፣ እያየኋት! ታዲያ ገዳይዋ እኔ አይደለሁም?"

ሀዋኒ እጇን ያዘችላት። በጎረቤት አፍ ስላሰረቻት አፈረች።

"ክንዷስ?"

"ኅዳር ላይ እሱ ነው የሰበራት። ጎባ ወጌሻ ጋ ወስዶ አሳስሯት መጣ። የቱ ወጌሻ እንደሆነ ግን አላውቅም።"

ሀብታሙ የዚያኑ ቀን ተያዘ፤ ቀለሟ ተፈታች። ዐቃቤ ሕጓ አዜብ ግን መዝገቡን አንብባ ፊቷ አልተፈታም።

"መምታቱን አሳየሽኝ፤ ጎበዝ። አሁን የሚከብደው መጣ" አለቻት። "ዳኞቹ የሚጠይቁኝ ማን መታት ብቻ አይደለም። ሲመታት ምን በልቡ ነበር ነው። ጠበቃው ይነሳና 'አባት ነው፤ ሊቀጣት እንጂ ትሞታለች ብሎ አላሰበም' ይላል። ያኔ ቸልተኝነት ይሆንና ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል።"

"በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃትስ?"

"'የተኛች መስሎኝ ነው' ይላላ! ልቡን ከፍቼ አላሳያቸው። ልትሞት እንደምትችል ማወቁን የሚያሳይ ነገር አምጪልኝ። እያወቀ 'የመጣው ይምጣ' ብሎ ከመታ፣ ሕጉ ሆነ ብሎ እንደገደለ ነው የሚቆጥረው።"

ሀዋኒ ሚኒባስ ተሳፍራ ጎባ ሄደች። ወጌሻ እያፈላለገች ሦስት ቤት አንኳኳች፤ ሦስቱም አያውቁም። አራተኛው አባባ መሀመድአወል ናቸው፤ አርባ ዓመት አጥንት ሲያቃኑ የኖሩ ሽማግሌ።

"አካም ቡልተን፣ አባባ።"

"ነጋያ፣ ገለተ ረቢ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ምንሽን ነው የተሰበርሽው፣ ልጄ?"

"እኔስ ደህና ነኝ። ኅዳር ላይ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ፣ ግራ ክንዷን…"

"ሩሃማ!" አሉ ሳያስጨርሷት። "የት ናት? በስምንተኛው ቀን ትመጣለች ብዬ ጠብቄ ቀረችብኝ እኮ።"

ነገረቻቸው። "ኢናሊላሂ" ብለው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

ከዚያ ተነስተው ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ቀጭን ቢጫ ጨርቅ አወረዱ።

"ልጅ ሳስር ከራሱ ልብስ ጫፍ ነው የምቀደው። በሚያውቀው ጨርቅ ሲታሰር አይፈራም። ግማሹን አስርበታለሁ፣ ግማሹን በስምንተኛው ቀን የምቀይርበት አስቀራለሁ። ይኸው የሷ።"

ሀዋኒ ገመዱ ላይ ያየችው ቀሚስ ታወሳት።

"አባትየውን ያሉት ነገር አለ፣ አባባ?"

"አለ እንጂ! ጭንቅላቷን ስዳብስ እብጠት አገኘሁ። ወድቃ ነው አለኝ። የወደቀና የተመታ እኔን ይጠፋኛል? 'ስማ፣ ይቺን ልጅ ጭንቅላቷን አንዴ ከደገምካት ትሞትብሃለች' አልኩት። ወላሂ፣ በዚሁ ቃል ነው ያልኩት።"

"እሱስ?"

"'ሽንቷን ካልያዘች የመጣው ይምጣ' አለ። ንዴት ነው ብዬ ተውኩት።" ጨርቁን አጣጥፈው ሰጧት።

ሀዋኒ ሀብታሙን አስጠርታ ከገመዱ ያወረደችውን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ቁራጩን ከተቀደደው ጫፍ ጋር ገጠመችው። ክር በክር ገጠመ።

"ልጄን ልገድል አላሰብኩም!"

"ትሞትብሃለች ተብለሃል።"

"ሽማግሌ ያለውን ሁሉ…"

"ሰምተሃል፣ አልሰማህም?"

ሀብታሙ ጨርቁን እያየ ቆየ።

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

"እናቷን ቁርጥ ናት። ጥላኝ የሄደችውን እናቷን። በየማለዳው ያ ፊት፣ ያ የረጠበ ፍራሽ…" አለና ተንሰቀሰቀ።

ሀዋኒ አዘነችለት። አዎ፣ አዘነችለት። ቃሉን ግን አንድም ሳታስቀር ጻፈች።

ግንቦት ላይ ተፈረደ። ቀለሟ ሆዷ ገፍቶ፣ አባባ መሀመድአወል ከዘራቸውን ይዘው መሰከሩ። የሀብታሙ ጠበቃ ልክ አዜብ እንደተናገረችው ተናገረ። ሰብሳቢው ዳኛ አንገታቸውን ደፍተው አነበቡ።

"ሳያስብ መትቶ የደነገጠ አባት ልጁን ተሸክሞ ይሮጣል። ተከሳሽ ግን ሌላ ሰው እንዳይሮጥላት በሩን ጠበቀ። ትሞታለች መባሉንም አስቀድሞ ሰምቷል። ፍርድ ቤቱ የተከሳሽን ሐሳብ ያገኘው በነዚህ ነው።"

ሆነ ብሎ በመግደል ጥፋተኛ ተባለ።

በኋላ ሀዋኒ ቀሚሱን ከነቁራጩ ለቀለሟ መለሰችላት። ቀለሟ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

"ሴት ብትሆን እንኳ አላለብሳትም" አለች ሆዷን እያየች። "ይሄ የሩሃማ ነው።"

አባባ መሀመድአወል ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል።

"ስምንተኛው ቀን ሲያልፍ ለምን ተነስቼ አልፈለግኋትም?" አሏት።

ሀዋኒ በሳምንቱ ጎባ ሄዳ ስልክ ቁጥሯን ጨርቅ ከሚሰቅሉበት ሚስማር ሥር፣ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፈችላቸው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ስልኳ ጮኸ።

"ሳጅን፣ መሀመድአወል ነኝ። እግሩን ያሰርኩት አንድ ሕፃን ነበረኝ። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልመጣም።"

ሀዋኒ ጃኬቷን ከወንበሩ አነሳች።

"ጨርቁን ይያዙልኝ፣ አባባ። መጣሁ።"